ድንበር ያለው ሳህን

ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ ብርድ በመጣ ቁጥር ተከራይ ሆኖ የሚገባብዎ ሳል እንዴት ነው? የስፌት መኪናዋስ አሁንም ወፍራም ጨርቅ ሲሰፉባት ታኮርፋለች? እኅቴ እታለምስ ደኅና ናት? እኔ ልጅዎ ከናፍቆትዎ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምልዎ እንደ ሌላው ጊዜ ለደብዳቤ ወግ አይደለም። እውነት ደኅና ነኝ፤ እንዴት ደኅና እንደሆንኩ ለማስረዳት ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩት።

ጽሕፈቴ እንደሚያውቁት ከአራተኛ ክፍል ወዲህ አላደገም። ደስታዬም እጄን እያጣደፈው ፊደሎቹ እርስ በርስ ይጋፋሉ። ስለዚህ ራስዎን አያድክሙ፤ ለእታለም ይስጧትና ታንብብልዎ። እርሷ የእኔን ጭረት ከልጅነታችን ጀምራ ለምዳዋለች። ከደብዳቤው ጋር የደረሰውን ጥቅል ግን ቦታው ሲደርስ እኔው እስክነግርዎ ድረስ እንዳይፈቱት። እታለም፣ አንቺም እጅሽን ሰብስቢ።

አስቀድሜ ስለ እርሷ ልለምንዎ፤ እንዳይቆጧት። ከሦስት ሳምንት በፊት ጽፋልኛለች። ሁለተኛው እግርዎ ላይ ቁስል መጀመሩን፣ ሐኪሙም በዚህ አበላል ከቀጠሉ ለእግሩ ዋስትና የለኝም ማለቱን ነገረችኝ። አባባ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ብቻ ሆነ ምግቡ፤ ሌላውን አይነካም፤ ከገበታም ተነሥቶ ጓዳ ውስጥ ለብቻው መብላት ጀምሯል፤ እልኩን ታውቀዋለህ ብላ ነው የጻፈችው። እኔ ደብዳቤዋን አራት ጊዜ አነበብኩት። እልክ አልመሰለኝም። ስለ ዳቦው ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ አሁን ግን የራሴን ጉድ ላውጣ።

አይደንግጡ፤ ፍጻሜው መልካም ነው። ከስምንት ወር በፊት ስኳር አለብህ ተባልኩ። አዎ፣ ያው የእርስዎ ሕመም።

ነገሩ የጀመረው በውኃ ጥም ነው። በሳህን ፋብሪካው የምሠራበትን ክፍል ከዚህ በፊት ገልጬልዎ ነበር፤ ረጅም ነው፣ መስኮቶቹ ከሰው ራስ በላይ ናቸው፣ መካከሉ ላይ አሥራ ሁለት መዞሪያዎች ተደርድረዋል። ሥራዬ ሳህኑን መዞሪያው ላይ አስቀምጬ በግራ እጄ እያሽከረከርኩ በቀኝ እጄ ብሩሹን ከንፈሩ ላይ አሳርፌ ሰማያዊ መስመር ማዞር ነው። ብሩሹ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚሄደው ሳህኑ ነው። የመስመሩ መነሻና መድረሻ ሲገናኙ መጋጠሚያው ከታየ ሳህኑ ውዳቂ ነው። እንግዲህ እኔ በየሩብ ሰዓቱ ከመዞሪያዬ ተነሥቼ ወደ ቧንቧው፣ ከቧንቧውም ወደ መጸዳጃ ቤት መመላለስ ጀመርኩ። ሳህኑ የሚተኮስበትን ምድጃ የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ጋሽ አመዱ የምንላቸው፣ እያዩኝ ጭቃ እንኳ ውኃ ሲጠጣ ልክ አለው፣ አንተ ከምን ዓይነት አፈር ነው የተሠራኸው ይሉኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። የምድጃው ሙቀት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ሱሪዬ ሲሰፋኝም ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ።

ከዚያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቃችን አንዱን ሳህን አንሥቶ ብርሃን ላይ ያዘና ይሄ መስመር ነው ወይስ እባብ አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ስሜ እባቡ ሆኖ ቀረ። እኔ ግን አልሳቅኩም። በማግስቱ አንዱ ሳህን ሁለት ከንፈር ሆኖ ታየኝ። እንደምባረር እርግጠኛ ሆኜ ስጠብቅ አለቃችን የጤና ጣቢያ ወረቀት ጽፎ እጄ ላይ አኖረልኝ።

እዚያ ሲስተር የምንላት ነርስ ጣቴን ወግታ በደሜ ውስጥ ያለውን ስኳር ለካችው። ቁጥሩ ሁለት መቶ ዘጠና ነበር። ከቤተሰብህ ይህ ሕመም ያለበት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ዋሽቼ አልነበረም፤ አላውቅም ነበር። ነገር ግን ወደ ማደሪያዬ ስሄድ መንገዱን ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ ይለኝ ጀመር። ከክር መሳቢያው በስተ ኋላ የነበረችው ትንሽ ብልቃጥ። ሐኪሙ ሲመጣ የሚዘጋው በር። ሚስማር ወጋኝ ያሉት፣ ዓመት ሙሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ያልዳነው እግርዎ። ያም ዓመት እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁበት ዓመት ነበር። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩና፣ አለ፤ አባቴ አልኳት።

አባቴ፣ አልዋሽዎትም፣ ቅር ብሎኝ ነበር። ያን ጠዋት ደብተሬን ከእጄ ተቀብለው ከዛሬ ጀምሮ መኪናዋ ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ ሲሉኝ ምክንያቱን አልነገሩኝም። ሰነፍ ተማሪ ስለሆንኩ መስሎኝ ስንት ዓመት ኖርኩ። እግርዎ መርገጫውን መርገጥ እንዳቃተው ቢነግሩኝ ኖሮ እየሮጥኩ በተቀመጥኩ ነበር። ነገር ግን እኔም ያንኑ ሕመም ስምንት ወር ሙሉ ደብቄዎታለሁ። የአባቱ ልጅ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ተካክለናል፤ ሒሳቡን እዚህ ላይ እንዝጋው።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ።

መጀመሪያ የሠራሁት ሞኝነት ያስቅዎታል። ሕመሙ ስኳር ከተባለ ጠላቴ ስኳር ብቻ ነው ብዬ ከሻዬ ውስጥ አንዷን ፍሬ ሳላስቀር አወጣሁ። ሻይን ያለ ስኳር መልመድ ቀላል አልነበረም፤ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ነው የተላቀቅኩት። ለስላሳ መጠጥም ተውኩ። በዚህ ኮርቼ ምሳ ላይ ሁለት ዳቦ፣ አንድ ጭልፋ ሩዝ፣ በላዩም ድንች እደረድር ነበር። ቁጥሩ አልወርድ አለ። ሲስተር የምበላውን አስቆጠረችኝና ዳቦው ሆድህ ከገባ በኋላ ዳቦ ሆኖ የሚቆይ ይመስልሃል ወይ፣ እሱም ስኳር ይሆናል እኮ አለችኝ። ከዚያም ወረቀት ላይ ክብ ሣለች። ክቡን ለሁለት ከፈለችው፤ ግማሹ የአትክልት ነው አለች። የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ከፈለችና አንዱን ሩብ ለምስር፣ ለባቄላ፣ ለእንቁላል፣ ለዓሣ፣ ሌላውን ሩብ ለዳቦ ወይም ለሩዝ ወይም ለድንች ሰጠች። ለሦስቱም አይደለም፣ ለአንዱ ብላ ጣቷን ቀሰረችብኝ።

ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ከሰዓት በኋላ የጭቃ ውኃ ፈሰሰበትና የሲስተር ክብ ጠፋ። ብናደድም፣ ዓይኔን ቀና ሳደርግ ፊት ለፊቴ አምስት መቶ ክብ ተደርድሮ አየሁ። አባቴ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ብዬ ልንገርዎ? መስመር ማስመር ሥራዬ አይደለም እንዴ?

መዞሪያ ክብ መስመር እንጂ ቀጥ ያለ መስመር አይሰጥም። ቀጥ ያለውን ያወጣሁት በእርስዎ መላ ነው። ክር ጠመኔ ላይ ጎተትኩ፣ ሳህኑ ላይ ወጠርኩት፣ ጨርቅ ላይ እንደሚያደርጉት ሳብ አድርጌ ለቀቅኩት። በዱካው ላይ በብሩሽ ሄድኩበት። ጋሽ አመዱ ተኮሱልኝ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ሳህኔን ይዤ ስቀርብ የሆነውን ቢያዩ። እኛ ሠራተኞቹ ምሳችንን ከአንድ ትልቅ ትሪ ላይ ተሰብስበን ነው የምንበላው። ከትሪ ላይ ደግሞ ሰው ምን ያህል እንደበላ አያውቅም፤ የሚያውቀው ትሪው ባዶ መሆኑን ብቻ ነው። እኔ ድርሻዬን ወደ ሳህኔ ስቀዳ ሳህን የምታሽገው እትዬ ቶሎቶሎ፣ መሬቱን ተከፋፍለው ጨረሱና ሳህን ቀራቸው ብላ ጀመረች። ሩዜ መስመሩን ትንሽ ካለፈ፣ ኧረ ድንበር ገፍቷል፣ ሽማግሌ እንሰይምልህ ወይስ ራስህ ትመልሰዋለህ ትለኝ ነበር። ጋሽ አመዱም የጎመኑ አገር ሰፊ ነው፣ ዜጋ ግን የለውም ይላሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ በላሁ፤ ድንበሬን አስከበርኩ።

ወር ሙሉ እንዲህ ሆኜ ሄድኩና ተለካሁ። ቁጥሩ ትንሽ ብቻ ነበር የወረደው። አባቴ፣ ያን ቀን ተስፋ ቆርጬ ነበር። ማደሪያዬ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ጣቶቼን እያየሁ የትኛው ይሆን መጀመሪያ የሚሄደው ብዬ ተቀመጥኩ። ሲስተር ግን ድንበርህን ጠብቀህ እንዲህ ሊሆን አይችልም፤ ሳህኑን አምጣው ብላ ነበር። ወሰድኩላት። በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ፤ ሳህኑንም አየችው። አንተ ሰው፣ ይሄ ሳህን ነው ወይስ ትሪ አለችኝ። ለካ የመረጥኩት ለሠርግና ለግብዣ ቤት የምንሠራውን ትልቁን ኖሯል። እኔ ቀኑን ሙሉ የማስመረው እርሱን ስለሆነ ለእኔ ሳህን ማለት እርሱ ነው፤ ከእርሱ ያነሰውን ስኒ ማስቀመጫ ነው የምንለው። መስመሬ ልክ ነበር፤ ስፋቱን ግን አልለካሁትም። ስፌቱ አምሮ ልኩ ለሌላ ሰው እንደሆነ ኮት ማለት ነው። ሲስተር እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ስንዝሬን ሳህኑ ላይ አስዘረጋችኝና ከዚህ እንዳያልፍ ብላ ለካችልኝ።

በትንሹ ሳህን ሁለተኛ ሠራሁ። እጄም መንቀጥቀጡን ተወ። ከሦስት ወር በኋላ ሲስተር ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው። አንድ መቶ ሃያ አራት። እንደገና አንብቢው አልኳት። አነበበችልኝ። ሦስተኛም ልለምናት ነበር፤ አፈርኩ።

ምሥራቹ ገና አላለቀም። ሲስተር ሳህኔን ተውሳኝ ተራ ለሚጠብቁት ሰዎች ስታሳይበት ሰነበተች። ባለፈው ወር እርሷው ራሷ ፋብሪካችን ድረስ መጥታ አለቃችንን አርባ እንደዚህ ያለ ሳህን ለጤና ጣቢያው ሥራልኝ አለችው። አለቃችን ሳህኑን አገላብጦ አየና ይህን ያህል ዘመን ሳህን ስሠራ ምን እንደሚበላበት ጠይቄ አላውቅም አለ። ከዚያ በሁሉ ፊት፣ አርባውንም የሚያሰምረው እባቡ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው ብሎ አዘዘ። እትዬ ቶሎቶሎ፣ እባቡ ተቃና ብላ እልል አለች። አባቴ፣ ከአራተኛ ክፍል የወጣው ልጅዎ ለዚህ ሥራ ተመረጠልዎ።

አሁን ስለ ዳቦው።

እታለም ሌላውን አይነካም ስትል ከልቧ ተጨንቃ ነው። እኔ ግን ሳስበው ዳቦ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ዳቦ አይፈስም። ያኖሩበት ቦታ እጅ ያገኘዋል። ሸሚዝ አያበላሽም። ሰው ከጎን ተቀምጦ እዚህ ጋ ነው፣ ወደዚህ ነው አይልም። ይህን የምለው ለነገሩ ያህል ነው።

ባለፈው የላኩልኝን ሸሚዝ በየሳምንቱ እለብሰዋለሁ። የግራው ኪስ ከቀኙ ሁለት ጣት ከፍ ብሏል፤ ሰዎች ሲጠይቁኝ በእኛ ዘንድ አሁን የወጣው ፋሽን ይኸው ነው እላለሁ። አንድ ሰው ሲያምር ብሎኛል።

እንግዲህ ጥቅሉን አሁን ይፍቱት። እታለም ገመዱን ትቁረጥልዎና ሳህኑን ጉልበትዎ ላይ ታኑረው። ቀለም የለውም፤ ቀለም በእጥበት ብዛት ይለቅቃል፣ ስለዚህ ተውኩት። በቀለም ፋንታ ወፍራም ፈሳሽ ጭቃ በጨርቅ ከረጢት ጨምቄ መስመሩን ከፍ ብሎ እንዲቆም አደረግኩት። አራት ጊዜ ነው የሠራሁት። የመጀመሪያው ምድጃ ውስጥ ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛው መስመሩ ተንዶ ተዘረገፈ፤ ሦስተኛው ተጣመመ። ጋሽ አመዱ ቀለሙ እያለልህ ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው ብለው ጠየቁኝ። ለአባቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከዓይኑ ይልቅ አውራ ጣቱን ያምናል አልኳቸው። የሸሚዜን ኪስ ትንሽ አዩና፣ እንግዲያው መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አኑረው፣ እሳቱ የሚያምረው እዚያ ነው አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉም ከምድጃው እንዳልራቁ ጓደኞቼ ነገሩኝ።

አሁን አውራ ጣትዎን ከንፈሩ ላይ ያዙሩ። አንዲት ቁልፍ የምታህል ጉብታ ያገኛሉ። እርሷን ወደ ሆድዎ ያዙሯት። ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ፊት የሚሄደው ስፌት ሳህኑን እኩል ይከፍለዋል። በግራዎ ያለው ሰፊ ሜዳ የጎመኑ፣ የካሮቱና የቲማቲሙ ነው። በቀኝዎ ያለው በአጭር ስፌት ተከፍሏል፤ ራቅ ያለው የምስሩ ወይም የእንቁላሉ ነው፤ ወደ እርስዎ የቀረበው የዳቦው ነው። ዳቦ አልከለከልኩዎትም፤ ቤት ሰጠሁት እንጂ። ከንፈሩንም ከሌሎቹ ከፍ አድርጌ አቁሜዋለሁ፤ ምግቡን በማንኪያ ሲገፉት ግድግዳ ያገኛልና አያመልጥም። እታለም ምስሩን ወፈር አድርጋ ትቀቅል፣ አትክልቱንም በአፍ ልክ ትቁረጥ። ሁልጊዜ ምግቡን በየቤቱ ካኖረች በኋላ ሌላ የምትረዳዎ ነገር የለም፤ እርሷም ፊት ለፊትዎ ተቀምጣ የራሷን ትብላ።

ኪኒንዎን ግን ሳህኑ አይተካውም። ሲስተር ይህን ደጋግማ አስጠንቅቃኛለች፤ ኪኒን የሚውጥ ሰውም ምግብ አይዘልም ብላለች። እግርዎንም ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ሐኪሙ ይየው፤ በየማታው ደግሞ እታለም ታጥበውና ትመልከተው።

በአራተኛው ዙር የተኮስነው አንድ ሳህን አይደለም፤ ሁለት ነው። መንታውን እኔ ዘንድ አስቀርቼዋለሁ። እነርሱን ከመተኮሳችን በፊት ልኩን ለማወቅ በተጣመመው በሦስተኛው ሳህን ምሳ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ በላሁ። የመጀመሪያው ቀን ጉልበቴ ላይ ምስር ደፋሁ። ጉብታዋን ለአራተኛው የጨመርኩት ያኔ ነው። በመንታው ስበላ ግን አንዲት ፍሬ አልወደቀችም። እትዬ ቶሎቶሎ ይህ ደግሞ ጸሎት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት።

ልጅ ሆኜ የሰፋሁትን ሁሉ ወደ መስኮት ሳይወስዱ በአውራ ጣትዎ ብቻ ሄደውበት ስፌቱ ከተዛባ ፍታው ይሉኝ ነበር። ሌላ ቃል አይጨምሩም ነበር። ካልተዛባ ደግሞ ምንም አይሉም፤ ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ጨርቅ ያልፉ ነበር። ከዚያ ዝምታ የበለጠ ምስጋና እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። አሁንም እንደዚያው ይዳስሱልኝ። ፍታው ካሉኝ፣ በልጅነቴ እንዳደረግኩት ሳላኮርፍ ፈትቼ አምስተኛ እሠራለሁ። ምንም ካላሉኝ ግን እታለም በየቀኑ በስድስት ሰዓት ሳህኑን ከጓዳ ወደ ገበታው ታውጣው። እኔም በዚያው ሰዓት መንታውን እይዛለሁ፤ ርቀን ሳለን አንድ ገበታ ቀረብን ማለት ነው።

እጅዎ አይዛል። እግርዎ ደጃፍዎን ይርገጥ። በእኔ ላይ የመጣው ሁሉ በእርስዎ ላይ ቀልሎ ይለፍ። እታለምን ከሁለት ጉንጮቿ ይሳሙልኝ።

መኪናዋ ላይ ያስቀመጡኝ፣
ልጅዎ።